ያልታሰረችው እናቴ

እናቴ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ሰባት ሌሊት አድራለች፤ ግን ታስራ አታውቅም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ የጣቢያው መዝገብ ነው። ከዞን የመጣ ሰው የጻፈው ወረቀትም እንደዚያው ይላል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እሷ ራሷ እንደዚያው ትላለች። እንግዲህ ይህን ስጽፍ ከሦስት ምስክሮች ጋር ተጣልቼ ነው፤ አንዷ የወለደችኝ ናት።

ከተማችን ከሶዶ በሚኒባስ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ብጽፈው ነገም የምውለው እዚያው ነው። አንድ አስፋልት፣ ግራና ቀኝ ሱቅ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ገበያ፣ ከገበያው ፊት ለፊት ፖሊስ ጣቢያ፣ ከጣቢያው አጥር ሥር የባጃጅ ተራ። በቃ። እኔ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የተቀደደ እጠግናለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ሰው ማመልከቻ ጻፊልኝ ሲለኝም ጨርቁን ገፋ አድርጌ እጽፋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ፣ ከልጆቼ ደብተርና ሶዶ መናኸሪያ አካባቢ መሬት ላይ ተዘርግተው ከሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍት ነው የለቀምኩት። ከነዚያ አንዱ ሕገ መንግሥቱ ነበር። ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ዝናብ መትቷቸዋል፤ የእስረኛ መብት የሚለው ግን ደህና ነበር። ብዙ ጊዜ ስላነበብኩት በቃሌ ይዤዋለሁ። እናም ሕግ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የተነሳው በሣር ነው።

የባጃጅ ተራው ላይ የትም ያልተጻፈ ደንብ አለ፤ «የጣቢያ ተራ» ይሉታል። በየቀኑ አንድ ባጃጅ በራሱ ነዳጅ ለፖሊስ ጣቢያው ይመደባል። ሌባ ለመያዝ ቢሆን ማንም ቅር አይለውም ነበር። ግን የአዛዡ ሚስት ገበያ ስትወጣ የጣቢያ ተራ ነው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የጣቢያ ተራ ነው፣ ለአዲሱ ቤቱ ሚስማር ሲጎድል እንኳ የጣቢያ ተራ ነው። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። አንዱ አዛዥ ይሄዳል፣ ሌላው ይመጣል፤ እንደ ጠረጴዛና እንደ ወንበሩ ይረካከቡታል።

ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነበር። እናታችን የምትኖረው ከእሱ ጋር ነበር። አንድ ሰኞ ተራው ደረሰበት። ያን ሰሞን ቤንዚን ጠፍቶ ሶዶ ድረስ ሄዶ ሁለት ቀን ተሰልፎ ነበር የቀዳው። አንድ ፖሊስ ከጣቢያው ወጣና ባጃጁን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ተነስ፣ ከሻንቶ የአዛዡን እንግዶች ታመጣለህ።»

«ነዳጁን ማን ይቀዳልኛል?»

«የምን ነዳጅ? የጣቢያ ተራ ነው እኮ!»

ወንድሜ አፉ ከእኔም የባሰ ነው። «ወንድሜ፣ የእኔ ባጃጅ ሣር አይበላም» አለው። «ሣር የሚበላ ከፈለጋችሁ አህዮቹ ከገበያው ሥር ታስረዋል፤ ሂዱና ያማራችሁን ምረጡ።»

ሾፌሮቹ በሙሉ ሳቁ። አንዱማ እንደ አህያ አናፋ አሉ። ወንድሜን ጉድ የሠራው ንግግሩ አልነበረም፤ ሳቁ ነው። እንቢታን አዛዥ ይችለው ይሆናል። ከጣቢያው መስኮት ሥር የተሳቀን ሳቅ ግን አይችለውም።

ከሰዓት በኋላ አብሮት የተማረ አንድ ፖሊስ በጎን መጥቶ «ነገ ጠዋት ይወስዱሃል፤ እንዳላየሁህ» አለው። ወንድሜ ባጃጁን አስነስቶ ሶዶ አክስታችን ቤት ገባ።

በማግስቱ ማክሰኞ ሁለት ፖሊሶች ቤት መጡ። እናቴ ደጃፍ ላይ ስኳር ድንች እያጠበች ነበር።

«እማማ፣ ልጅሽ የት ሄደ?»

«ሶዶ።»

«ሶዶ የት?»

«እሱን አልነግራችሁም።»

እናቴ እንዲህ ናት። መዋሸት አትችልም፤ መናገር የማትፈልገውን ደግሞ በመቶ ሰው ብትለመንም አትናገርም። «እንግዲያው ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ» አሏት። እጇን ተለቃለቀች፣ ነጠላዋን ለበሰች፣ ለጎረቤት «ስኳር ድንቹን በድስት አኑሪልኝ» አለችና ተከተለቻቸው።

አዛዡ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ቢሆን የሚሆን ወጣት ነው። ንጹሕ ልብስ፣ ዝግ ያለ ድምፅ። ስትገባ ተነሥቶ ወንበሩን ሰጣት፤ ይህን ራሷ ናት የነገረችኝ፣ እስከ ዛሬም በበጎ ታነሣዋለች። ስለ ጤናዋ ጠየቃት። የተወለደችው ገሱባ አካባቢ መሆኑን ሲሰማ «አጎቴም እዚያ ነው» አላት። ቀጥሎም እንዲህ አለ፦

«እማማ፣ ልጅሽን እንፈልገዋለን። እስኪመጣ ድረስ እዚህ ግቢ ትቀመጫለሽ፤ ወዴትም አትሄጂም። እሺ?»

«እሺ» አለችው።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ ስለ እናቴ እሺ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ሞኝ ትመስላችኋለች። እናቴ የጸሎት ቤት ሰው ናት፤ አትምልም። በእግዜር ስምም፣ በልጅም፣ በሞተም አትምልም። ስለማትምል ሰው ሌላ ጊዜ በመሐላ የሚጠብቀውን ነገር ሁሉ እሷ እሺ ላይ አኑራዋለች። ለጎረቤት «ነገ እንሰት ስትተክዪ እመጣለሁ፣ እሺ» ካለች ወባ እያንቀጠቀጣትም ትሄዳለች፤ ሄዳም አይቻታለሁ። ልጆች ሆነን እሺ አሰኝተናት ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ደግመን አንጠይቅም ነበር። የእኛ የልጆቿ እሺ ዝንብ ማባረሪያ ነው። በቀን ሃምሳ ጊዜ እንላለን፣ አንዱንም አናስታውሰውም።

አዛዡ ይህን ያውቅ ነበር ወይ? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ያውቅ ነበር። እሱም እንደሷ ያለች ሴት ቤት ነው ያደገው። ግቢው ውስጥ ቁልፍ የተበጀለት የእስረኛ ክፍል እያለው እሷን ግን ከአቮካዶው ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ አስቀመጣት። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ለአዳር፣ መዝገብ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈላት። በቃ፤ ይህ ነው እስሩ።

ወሬውን በረንዳዬ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ከቤት ቆጮና ጎመን ይዤ ሮጥኩ። በር ላይ ያለው ዘብ የሚያውቀኝ ሰው ነው፤ ሱሪውን ሁለቴ ጠግኜለታለሁ። ምግብ የሚያመጣ ሰው መጀመሪያ ራሱ መቅመስ አለበት፤ የጣቢያ ደንብ ነው።

«ቅመሺ።»

«ለእናቴ ነው እኮ የማበላው።»

«መርዘሽ ርስት ልትወርሺ ይሆናላ። ቅመሺ፣ ቅመሺ! ጎመኑንም።»

ቀመስኩ። እየሳቀ አሳለፈኝ። ያን ቀን እኔም ሳቅኩ፤ እስከ ማታ ትወጣለች ብዬ ነበር።

እናቴ አግዳሚው ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። በዙሪያዋ የተያዙ ሞተር ሳይክሎች ቆመዋል። ግቢውን ጠርጋው ነበር፤ መጥረጊያው አጠገቧ ተደግፏል።

«ምን ሆነሽ ነው የምትጠርጊላቸው?»

«ቅጠሉ ረበሸኝ» አለች። «ወንድምሽን ና እንዳትዪው። እነሱም ሲሰለቻቸው ይተዉታል፣ እኔም እሄዳለሁ።»

አልሰለቻቸውም። ረቡዕ አለፈ። ሐሙስ ጠዋት እኔ መጽሐፌን በዘንቢል ይዤ ገባሁ። መጽሐፉ የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል፤ እኔም ከማክሰኞ ጠዋት ጀምሬ ስቆጥር ነበር። ሰው በሌላ ሰው ጥፋት እንደማይጠየቅም አውቃለሁ። አዛዡ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። አምስት ስድስት ባለጉዳይ አለ። ሰው ፊት መሆኑን ወደድኩት። ጥፋቴ ከዚያ ይጀምራል።

«አዛዥ፣ አርባ ስምንት ሰዓት ሞልቷል» አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ወይ ፍርድ ቤት ታቀርቧታላችሁ፣ ወይ ትለቋታላችሁ። ደግሞስ እናት በልጇ ፈንታ ትታሰራለች የሚል ሕግ የቱ ጋ ነው ያለው?»

ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ፈገግ አለ።

«ጠበቃችን መጣች! ወንበር ስጧት እንጂ። ተረኛ፣ መዝገቡን አምጣ።»

ሰፊው መዝገብ መጣ። ከፊቴ ገለጠው። «ማንበብ ትችያለሽ አሉ፤ ፈልጊ። የእናትሽን ስም አሳዪኝ።»

ፈለግኩ። ማክሰኞን በጣቴ ወረድኩ፣ ረቡዕን ወረድኩ። ፍየል የሰረቀ አለ፣ ሰክሮ የተደባደበ አለ። እናቴ የለችም።

«ያልተያዘ ሰው እንዴት አድርጌ ፍርድ ቤት ላቅርብ?» አለ። «እማማ ልጃቸውን እየጠበቁ ነው። እንግዳችን ናቸው። በሩ ያው፤ ይዘሻቸው ሂጂ።»

ባለጉዳዮቹ ሳቁ። እኔ ወደ አግዳሚው ሄድኩ። «እማ፣ ተነሺ፣ ሂጂ ብሎሻል» አልኳት።

«ለአንቺ ነው ያለው» አለች። «ልጅሽ እስኪመጣ ብሎኛል፤ እሺ ብያለሁ። እሱ ራሱ ይተውኝና እሄዳለሁ።»

ዞሬ አየሁት። ሰምቷል። የመጣለትን ሻይ ያማስላል። «ይተዉ፣ ይሂዱ» የምትል አንዲት ነገር ነበረች ያስፈለገችው፤ እሷን አልተነፈሳትም።

ዓርብ ዕለት ሶዶ ወረድኩ። ሌሊቱን ተቀምጬ ማመልከቻ ጽፌ ነበር፤ ሁለት ገጽ ሙሉ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ። የዞን ቢሮ ያለ አንድ ሰው ከመነጽሩ በላይ እያየኝ አነበበውና «ራስሽ ነሽ የጻፍሽው?» አለኝ። አዎ ስለው «ሰኞ ሰው እንልካለን» አለ። በደስታ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ከዚያ አክስታችን ቤት ሄድኩ። ወንድሜ አራት ቀን ጢሙን አልተላጨም። እናታችን ጣቢያ እንደምታድር አክስቴ ገና ያን ዕለት ነበር የነገረችው፤ ጫማውን አድርጎ ሲነሳ ደረስኩ።

«ወዴት ነው?»

«ወዴት ይሆናል? እማ ጣቢያ መሬት ላይ እያደረች እኔ አልጋ ላይ ልተኛ?»

«ቁጭ በል። ብትሄድ አንተን ነው የሚያገኙት። ሰኞ ከዞን ሰው ይመጣል፤ በሕግ ትወጣለች፤ እሱም ይጠየቃል።»

«በሕግ?»

«በሕግ! ወረቀቱን ተቀብለውኛል።»

ከልጅነቱ ጀምሮ ያምነኛል፤ ደብዳቤ ሲመጣ የማነብለት እኔ፣ ፈተና ሲወድቅ የማስረዳው እኔ። ጫማውን አወለቀ። ያን ዓርብ ቢሄድ ኖሮ ነገሩ ገና ትኩስ ነበር፣ ምናልባት በሁለት ጥፊ ያልፍ ነበር ይላል አሁን።

እሑድ የጸሎት ቤት ሴቶች ከአምልኮ በኋላ ተሰልፈው ጣቢያ መጡ። ቡላ የያዘ፣ ሙዝ የያዘ፣ እርጎ የያዘ። ሁሉም በር ላይ ሲቀምስ ዘቡ «ዛሬስ እኔም ጠገብኩ» እያለ ይስቃል። ከአቮካዶው ሥር ተቀምጠው ዘመሩ። አዛዡ ከቤቱ መጣና ሰላም አላቸው፣ ሁለት አግዳሚ ጨመረላቸው፣ ጸሎት ሲሆንም ኮፍያውን አወለቀ። እውነት እላችኋለሁ፣ ጣቢያው ለቅሶ ቤት መሰለ። ስንወጣ አንዷ «ጥሩ ሰው ነው እኮ፣ እንዴት አክብሯታል» አለችኝ። ባዶ ሳህኖቹን ተሸክሜ ቀደምኳት።

ሰኞ የዞኑ ሰው መጣ። ያው መነጽር ያደረገው ነው፤ ዕድሜው የገፋ፣ ትሑት ሰው። ሥራውን እንደሚገባ ሠራ፤ ይህን ልክድ አልችልም። መዝገቡን አየ። የእስረኛ ክፍሉን አስከፍቶ አየ። ከዚያ አዛዡን «እስቲ ራቅ በልልን» አለውና አግዳሚው ላይ ከእናቴ ጎን ተቀመጠ። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ። በወላይትኛ ነው የጠየቃት፤ በቤት ቋንቋዋ፣ በቀስታ።

«እናቴ፣ አትፍሪ። ማንም አይነካሽም። እዚህ ታስረሻል?»

«አይ ልጄ፣ አልታሰርኩም። ማን ያስረኛል? በሩም ክፍት ነው።»

«ታዲያ ለምን ተቀመጥሽ?»

«ልጄ እስኪመጣ ተቀመጪ አለኝ፤ እሺ አልኩ።»

«አስፈራርቶሽ ነው?»

«ኧረ! በጥሩ አፍ ነው የጠየቀኝ። ወንበሩንም ሰጥቶኛል።»

«አሁን ልሂድ ብትዪስ?»

«እሺ ብዬማ እንዴት እሄዳለሁ?» አለችና፣ ሰውየው ከሶዶ መምጣቱ ትዝ ብሏት «ምሳ በልተሃል ግን?» አለችው።

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ብዬ ልጻፍ እህቴ?»

«ይህንኑ ነዋ! ተቀመጪ አላት የሚለውን ይጻፉ!»

«ተቀመጪ ማለት ወንጀል አይደለም» አለ። እሱም ከፍቶታል፤ ፊቱ ላይ አየሁት። «ልጅቷ ሕግ ታውቃለች፤ ሰውየው ደግሞ ከሕግ ውጪ ምን እንዳለ ያውቃል» ብሎ ለራሱ አጉረመረመ። ከዚያ ጻፈ። እናቴ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። በዞኑ ወረቀት ላይ፣ በገዛ ጣቷ፣ አልታሰረችም።

ሕጉ እስከ አግዳሚው ድረስ መጥቶ፣ አጠገቧ ተቀምጦ፣ በቋንቋዋ ጠይቋት ተመለሰ።

መኪናው ከበር ሲወጣ እኔ ልቤ ተቃጠለ።

«እማ፣ ምን አደረግሽን?»

«ምን አደረግኩ?»

«ታስሬያለሁ ብትዪ ዛሬ ቤትሽ ነበርሽ!»

«ውሸት ነዋ።»

«ውሸት አይደለም! ይሄ እስር ነው። እስር ማለት ይሄ ነው!»

«አንቺ የምትዪው እስር መጽሐፍሽ ውስጥ ያለው ነው። እኔን ማንም አልያዘኝም።»

«ካልያዘሽ እንሂድ!» አልኩና ክንዷን ያዝኩ። ሳብኳት። በሌላ እጇ አግዳሚውን ጨበጠች። እኔ እስባለሁ፣ እሷ ትይዛለች። ሰባ ዓመት ያለፋት እናቴን፣ ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ በሰው ፊት። ነጠላዋ ወደቀ።

ዘቡ ከበር ጮኸ፦ «ቀስ በይ፣ እጇን ትነቅያለሽ! ከፖሊስ የባሰች ልጅ!»

ለቀቅኳት። ክንዷ ላይ የጣቶቼ ምልክት ቀርቶ ነበር። በዚያ ሁሉ ቀን እናቴን በጉልበት የያዘ እጅ ቢኖር የእኔ ብቻ ነው። ነጠላዋን አንሥቼ አለበስኳት፤ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

ወሬው ሶዶ ለመድረስ የአንድ ሚኒባስ ዕድሜ ነው የፈጀበት። ማክሰኞ፣ ገበያው ሲሞላ፣ ወንድሜ ባጃጁን እየነዳ መጥቶ ጣቢያው በር ላይ አቆመ። እኔን አልጠየቀኝም። «መጥቻለሁ፤ እናቴን ልቀቁ» አለ።

አዛዡ ክስ አልመሠረተም። ክስ ፍርድ ቤት ይወስዳል፣ ፍርድ ቤት የጣቢያ ተራ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። «ምን ክስ አለ፣ ወንድማማች ነን» አለው። ትከሻውን አቅፎ ወደ ባጃጅ ተራው ይዞት ወጣ። «ሾፌሮቹ ፊት ነው ያዋረድከን፤ እዚያው ይቅርታ በል፣ ያልቃል።»

ሾፌሮቹ ሁሉ አሉ። ገበያተኛው ቆሟል። ወንድሜ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» አለ።

«አልሰማንም።»

«አጥፍቻለሁ! ይቅርታ!»

አልበቃውም። አንድ ፖሊስ ከገበያው ሣር ከምትሸጥ ሴት አንድ እስር ሣር ይዞ መጣ። ለወንድሜ አስታቀፈው። አዛዡ ባጃጁን በአገጩ አሳየውና በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ «አብላው» አለ።

ወንድሜ መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም። ከዚያ ገባው። ወደ ግቢው ቀና ብሎ አየ። አጥሩ ሽቦ ነው፤ አግዳሚው ከዚያ ይታያል፤ እናቴ ቆማ እያየች ነበር። ጎንበስ አለ። ሣሩን ከፊተኛው ጎማ ሥር አኖረው።

«እጅህን አጥፈህ ቁም፤ እስኪጨርስ።»

ሾፌሮቹ አንዳቸውም አልሳቁም፤ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ከኋላ አንዱ ብቻ፣ ከፍርሃቱ ይሁን ከክፋቱ አላውቅም፣ ሳቅ አመለጠው። ወንድሜ ድምፁን ለየው። ከዚያ ሰው ጋር እስከ ዛሬ አልተነጋገሩም፤ ከአዛዡ ጋር ግን እዚህ እስካለ ድረስ ይነጋገር ነበር፣ ግዴታው ነበር።

ምን ያህል ቆመ? እኔ ተራው በሚታየኝ በረንዳዬ ላይ የአንድ ሸሚዝ እጅጌ ሙሉ በሙሉ አጣምሜ ሰፋሁ፤ ያን ያህል።

ከዚያ አዛዡ ወደ ግቢው ተመለሰና እናቴን እጇን ይዞ ከበሩ አወጣት። «እማማ፣ ጨርሰናል። ስለ ትብብርሽ እናመሰግናለን» አላት።

«እሺ ልጄ» አላለችም። ያን ያህል አስተውያለሁ። ጉልበቷ አብጦ ነበር፣ ባጃጁ ውስጥ ደግፈን አስገባናት። ሣሩን ረግጠን አለፍን። ቤት ስትደርስ ጎረቤት ያኖረችላትን ስኳር ድንች አየች፤ በስብሷል። አውጥታ ጣለችው፣ ድስቱን አጠበችው።

እኔ እንደ ልማዴ ሌላ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ስለ ሣሩ። ዐቃቤ ሕግ ቢሮ «ምስክር አምጪ» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ያለ ምስክር ምን ይሆናል? ከሾፌር ሾፌር ዞርኩ። «እኔ ስልኬ ላይ ነበርኩ እትዬ።» «እኔ ዞሬ ነበር።» አንዱ በቀጥታ ነገረኝ፦ «እትዬ፣ ሐሙስ የጣቢያ ተራ የእኔ ነው።» በምን አፌ እወቅሰዋለሁ? ወንድሜም በሚቀጥለው ሳምንት ተራውን ወጥቷል፤ የአዛዡን ሚስት ገበያ አድርሶ መልሷል። ጥሩ አድርጋ አመሰገነችው አሉ።

አዛዡ አሁንም አለ። መንገድ ላይ እናቴን ሲያገኝ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ይጨብጣታል። «እማማ ደህና ነሽ?» እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ትለዋለች፤ ለማንም እንደምትለው። እኔ ግን መንገድ አቋርጣለሁ። ሰው የሚለኝን አውቃለሁ፦ «እናቲቱ ያልከፋትን ልጅቷ ምን አንጨረጨራት?»

እንዳልከፋት በምን አወቁ? እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ጸሎት ቤት «በሚቀጥለው እሑድ የእንግዶቹን ምግብ ትሠሪልናለሽ?» ሲሏት «እናያለን» ትላለች። ጎረቤት ነገ ነይ ስትላት «ከተመቸኝ» ትላለች። ልጄ አንድ ቀን «አያቴ፣ ተረት ትነግሪኛለሽ፣ እሺ በይኝ» ብላ ጉልበቷ ላይ ወጣች። እናቴ ተረቱን ወዲያው ጀመረችላት፤ እሺ ከምትል መጀመር ቀለላት። እኔና እሷ በዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ ተነጋግረን አናውቅም። ብጠይቃትም «ምን ተለወጠ?» ነው የምትለኝ።

ወንድሜ ከሁለት ወር በላይ አልቆየም። ባጃጁን ለሌላ ሰው አሳልፎ ሐዋሳ የግንባታ ሥራ አገኘ። የሚሄድ ዕለት ጠዋት ሚኒባስ መቆሚያው ላይ ሦስታችን ቆምን። ሻንጣው ከላይ ተጭኗል፣ ረዳቱ «ሶዶ፣ ሶዶ» እያለ ይጣራል። ወንድሜ እናቴን አቅፎ፣ ከዚያ ትከሻዋን ይዞ ፊቷን አየ።

«ለጊፋታ እመጣለሁ እማ። ምንም ቢሆን ለበዓሉ እመጣለሁ። ትጠብቂኛለሽ፣ እሺ?»

የኮሌታውን ቁልፍ ቆለፈችለት፤ ተቆልፎ ነበር፣ ፈትታ እንደገና ቆለፈችው። ረዳቱ «ግቡ ግቡ» አለ።

«እማ፣ እሺ በይኝ እንጂ።»

«ግባ፣ ቦታ ይያዝብሃል» አለችው።

ገባ። በመስኮቱ እጁን ዘረጋ፣ እጁን ያዘችው፣ መኪናው ሲነሳ ለቀቀችው። ወንድሜ እስኪርቅ ድረስ አንገቱን አውጥቶ አፏን ነበር የሚያየው። አልከፈተችውም።